ከምስጋና ገባች

የአበባ ጉንጉኑ በድንኳኑ በር አልገባም አለ። ኮት የለበሱት ሁለት ሰዎች መጀመሪያ ፊት ለፊት ሞከሩት፤ ቀጥለው በአግድሙ ሞከሩት፤ በመጨረሻ እንደ እምቢተኛ በሬ ከኋላ ሲገፉት የድንኳኑ ካስማ ተነቀለና ሸራው ግማሹን ለቀስተኛ አለበሰው።

«ተዉት፣ እደጅ ይቀመጥ» አለ ከኋላቸው የቆመው ሰውዬ፣ መነጽሩን በመሐረብ እየወለወለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ሌላው ዝም ብሎ እንደሚያዳምጠው የለመደ ሰው ድምፅ።

ሜሮን የንፍሮ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ከመደቡ ጥግ ታያቸዋለች። እህቷ ጽዮን ከተቀበረች ዛሬ ሠልስቷ ነው። እስካሁን ሜሮን ያላየችው የለቀስተኛ ዓይነት አልነበረም። ከልቡ የሚያለቅስ አይታለች፤ የራሱን ሟች አስታውሶ የሚያለቅስ አይታለች፤ ነጠላውን አፉ ላይ ጣል አድርጎ ስለ ማዳበሪያ የሚያወራም አይታለች። ለቅሶ ላይ ፎቶ አንሺ ይዞ የመጣ ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ከጎኗ የተቀመጠችው ሀምዲያ በክርኗ ነካ አደረገቻት። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ገበያው ዳር የሜሮን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤትና የሀምዲያ የጨርቅ ሱቅ የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። በዚያ ቆርቆሮ ያላለፈ የሁለቱም ገመና የለም።

«ጥብጣቡን አየሽው?» አለች ሀምዲያ በሹክሹክታ።

ሜሮን አንገቷን አሰገገች። ሐምራዊው ጥብጣብ ላይ በወርቅማ ቀለም የመሥሪያ ቤቱ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ የክፍሉ ስም፤ ከሱ ሥር «ዶክተር ኤፍሬም፣ የክፍሉ ኃላፊ» ይላል። ጽዮን የምትለው ቃል ጫፉ ላይ፣ ቦታ አልቆባት ተጣብቃ፣ ግማሿ ወደ ኋላ ታጥፋ ነው ያለችው።

«ወይ ጉድ» አለች ሀምዲያ። «የሞተው ኃላፊው ነው እንዴ?»

ሜሮን ሳታስበው ሳቋ አመለጣትና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የሚያዩዋት ሴቶች ያለቀሰች መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡላት።

ዶክተር ኤፍሬም ከሟች አባት ከመሪጌታ ወልደ ሰንበት ጎን ተቀመጠ። ካሜራ የያዘው ሰው እስኪስተካከል ጠብቆ መናገር ጀመረ። ጽዮን ለክፍላቸው የማትተካ ባለሙያ እንደነበረች፣ ለሳይንስ ስትሮጥ መንገድ ላይ እንደቀረች፣ የእርሱ በር ለእሷ ሁልጊዜ ክፍት እንደነበር ተናገረ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ሜሮን የንፍሮዋን ሽምብራ እየቆረጠመች «በርህስ ክፍት ነበር፤ እሷ ናት ጥላህ የወጣችው» አለች በሆዷ።

ጽዮን የምታጠናው የጓያ ነገር ነበር። እስቴ ውስጥ ጓያ በልቶ እግሩ የታሰረ ሰው የሌለበት ቀበሌ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሽማግሌዎቹን ብትጠይቅ ላብ ይዞት የጓያ ማሳ ያቋረጠ ነው የሚታሰረው ይሏታል፤ ሴቶቹ ደግሞ እንፋሎቱ ነው ይሏታል። ጽዮን ከመንገድ ርቀው ያሉትን ጎጆዎች እየዞረች የምትጠይቀው ሌላ ነበር፦ መርዙ የሚወጣው ከተዘፈዘፈበት ውኃ ጋር ነውና፣ ማን ይዘፈዝፋል? ውኃውንስ ማን ይደፋዋል? ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ ሴት ውኃ ትደፋለች ወይ? ይኼን ለመጠየቅ ድፍን በጋ ስትዞር ከርማ ነው፣ የተሳፈረችበት መኪና ቁልቁለቱ ላይ የተገለበጠው።

ሰው ከሞተ ወዲያ ደግ ይሆናል። ጽዮን ግን ደግ አልነበረችም፤ ይኼን ሜሮን ለማንም አሳልፋ አትሰጥም። ኩሩ ነበረች፣ ነገረኛ ነበረች፣ ደንበኛ ቆሞ እያየ የሜሮንን የፊደል ግድፈት በጣቷ የምትነካ ነበረች። «ይኼን ጻፍኩ ብለሽ ሰው ፊት ትቆሚያለሽ?» ትላለች። አንድ ቀን ጽሕፈት ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንድ የታተመ ጥናት አሳየቻት። ከላይ የተደረደሩትን ስሞች በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካች አስተዋወቀቻት።

«ይኼ መኪና የፈቀደው ነው። ይኼ የመኪና ፈቃዱን የፈረመው። ይኼ ደግሞ የፈራሚው ጓደኛ።»

«የሠራውስ?» አለቻት ሜሮን።

«መጨረሻ ላይ አለልሽ። ከነጥቧ አጠገብ።»

«ይኼ እኮ ጥናት አይደለም እታለም። የሠርግ ካርድ ነው።»

ጽዮን እስክትፈርስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆርጣ፣ ደንቡ እንዲህ እንደማይል ነገረቻት። ደራሲ የሚባለው የለፋበት፣ የጻፈው፣ መጨረሻውን አንብቦ ያጸደቀው፣ «ይኼ ስሕተት ነው» ሲባል «እኔ ነኝ» ብሎ የሚቆም ነው። አራቱንም ያላሟላ ስሙ ከላይ አይቀመጥም። «የጓያው ላይ አንድም ያልሠራ ሰው ስም አይገባም» አለች። «ኤፍሬምም ቢሆን፣ አባቱም ቢነሣ።» በኋላ የላከችውም ከሞላ ጎደል እንዳለችው ነበር፤ የእሷ ስም መጀመሪያ፣ አብረዋት የዞሩት ሁለት ልጆች ቀጥሎ። ኤፍሬም ጮኾ ጮኾ መጨረሻ ላይ ተንጠላጠለ።

ንግግሩ ሲያልቅ ዶክተር ኤፍሬም ወደ መሪጌታ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አላቸውና ተያይዘው ወደ ቤት ገቡ። ሜሮንም የመጠጥ ውኃ አንሥታ ተከተለቻቸው።

«የልጅዎ ጥናት» እያለ ነበር ዶክተሩ፣ «ውጭ አገር ባለ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ሊወጣ ነው።»

«እግዜር ይመስገን።»

«አንድ ትንሽ ነገር ቀርታለች። በዓለም አቀፍ ደንብ፣ ደራሲ የሚባል ሰው የመጨረሻውን ቅጂ አንብቦ ተስማምቻለሁ ማለት አለበት። ጽዮን ደግሞ...»

«አርፋለች» አሉ መሪጌታ፣ ቃሉ የከበደውን ሰው እንደሚያግዙ።

«አርፋለች። ስለዚህ ስሟን ከደራሲዎቹ አንሥተን ምስጋናው ውስጥ እናስገባታለን። መጽሔቱ ያለ ቤተሰብ ፊርማ የላከችውን አልለውጥም ስላለ፣ የእርስዎን ፊርማ ፈልጌ ነው።»

ሜሮን ኩባያውን እንደያዘች ቆመች። ከአራቱ ውስጥ ሟች የማትችለዋን አንዷን መርጦ፣ ሦስቱን ደብረ ታቦር፣ መሥሪያ ቤቱ ረስቶ መጥቷል። ደንቡን እሱ እንዲጠብቀው የተጻፈ አስመስሎ እንዲህ በእርጋታ ሲናገር ላየው፣ ሌባ ሳይሆን የሌባ መርማሪ ይመስላል። አፏን ልትከፍት ስትል ግን አባቷን አየቻቸው።

የመሪጌታ ፊት ተለውጧል። ሬሳው ከገባ ጀምሮ እንደ ተዘጋ ቤት የነበረው ፊታቸው ተከፍቷል።

«ከምስጋና?» አሉ። «ልጄ ከምስጋና ትገባለች?»

መሪጌታ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለምስጋና የቆሙ ሰው ናቸው። ሌሊቱን መቋሚያ ተደግፈው የሚያነጉት ለምስጋና ነው፤ መላእክትም ከዚህ ሌላ ሥራ የላቸውም ብለው ያስተምራሉ። በእሳቸው ቋንቋ ከምስጋና በላይ የሚገባበት ቦታ የለም። ደራሲማ ምንድን ነው? ደራሲ የሚያመሰግነው ነው። ልጃቸው የምትመሰገነው ሆነች።

ዶክተር ኤፍሬም ገብቶታል። ሜሮን ዓይኑ ላይ አየችው፤ «ላርማቸው?» የሚል ነገር ለቅጽበት ብልጭ አለና ጠፋ።

«አዎ መሪጌታ» አለ። «ከምስጋና።»

መሪጌታ ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት። ሰውየውም ተሳመ። ከዚያ መነጽራቸውንና እስክሪብቶ እንዲፈለግላቸው ነግረው፣ መጀመሪያ ግን ለሰዉ ሳይናገሩ አልሆነላቸውም፤ ወደ ድንኳኑ ወጡ። «ወገኖቼ፣ ጽዮን ከምስጋና ልትገባ ነው» አሉ። ድንኳኑ ተንሾካሾከ፤ አንዲት አሮጊት እልል ልትል አፏን ከፍታ ለቅሶ መሆኑን አስታውሳ ዘጋችው። አንድ ቄስ «የታደለች» አሉ። መሪጌታም ቁጭ ብለው ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ሳቡና አንድ እፍኝ ንፍሮ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

ሜሮን ወደ ጓሮ ሄደች። ሀምዲያ ድስት ስታለቅልቅ አገኘቻት።

«እነግራቸዋለሁ» አለች ሜሮን።

«ምኑን?»

«ምስጋና ማለት ምን ማለት እንደሆነ። መኪና ላዋሰ፣ ወረቀት ላባዛ፣ ሻይ ላፈላ የሚጻፍ እንደሆነ። ከጽሑፉ ጭራ፣ ማንም የማያነበው ቦታ።»

ሀምዲያ ድስቱን ደፋችው። «አባትሽ ዛሬ ገና እህል ቀመሱ።»

«አይቻለሁ።»

«ካየሽ በቃ። ስሟ በእንግሊዝ አገር ወረቀት ላይ ቢኖር ባይኖር ጽዮን ትነሣለች?»

«አትነሣም። ለዚህ ነው እኮ ያ ውሻ ዛሬ የመጣው። ብትነሣ ከበር ትመልሰው ነበር።»

«ሜሮን፣ አንቺ የምትነግሪያቸው ለጽዮን ብለሽ ነው፣ ወይስ ሰውየውን ስለጠላሽው?»

ሁለቱም ነበር። እህቷን የወደደችበትና ሰውየውን የናቀችበት ነገር አንድ ቦታ ላይ ተቋጥሮ ከየት እንደሚፈታ አታውቅም።

ዶክተር ኤፍሬም ከመኪናው አጠገብ በስልክ ሲያወራ ደረሰችበት። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እርስዎ ነዎት የሚተኩት?» አለችው።

«ይቅርታ?»

«እሷ ስትነሣ መጀመሪያ የሚቀመጠው ማን ነው?»

ከላይ እስከ ታች አያት። የቀለም እድፍ ያለባቸው ጣቶቿን ሳይቀር። «አንቺ ፎቶ ኮፒዋ ነሽ አይደል? ነግራኝ ነበር። ስሚ እህቴ፣ አስተያየት ሰጪዎቹ ላነሡት ጥያቄ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሥራውን የሚጨርሰው እኔ ነኝ።»

«ጨርሱት። ማን ያዘዎት? ስሟን ሳይነኩ አይጨረስም?»

«ስለ ስም ካወራን» አለ፣ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ፣ «እህትሽ ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ ጽሑፍ ላይ ስሟ ወጥቷል። አንድ መስመር አልጻፈችም። ማን አስገባት? እኔ። ያን ጊዜ ደንብ አልጠቀሰችልኝም፤ አመሰግናለሁ ነው ያለችኝ። ሁላችንም እንዲሁ ነው ያደግነው። አንዱ አንዱን ይዞ።»

ይኼ እውነት ነበር። ሜሮን ያን ቀን ታስታውሰዋለች። ጽዮን ወረቀቱን አስጠርዛ መጥታ ለአባቷ ስሟን አሳይታ ነበር፤ መሪጌታም ግንባሯን ስመው መርቀዋት ነበር። ከወራት በኋላ ያንኑ ወረቀት ከግድግዳው ሥር አውጥታ ተቀምጣ ስታነብ፣ መሀል ላይ አቁማ «ሜሮን፣ እዚህ ጋ የተጻፈው ውሸት ነው» አለች። «እኔ ጻፍኩ የተባለው ላይ ውሸት አለ።» የመረቋትን አባቷን ለሳምንት ቀና ብላ አላየቻቸውም። ስሜ ይሰረዝ ብላ ጠየቀች፤ ኤፍሬም ሳቀባት። ነገረኛነቷ የባሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

«እሷ አፍራለች» አለች ሜሮን። «እርስዎ ደግሞ ብድር አድርገው ይዘውታል።»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየና ጥሏት ወደ ቤት ገባ። እርጋታው ብቻ ትንሽ ፈጠን ብሏል።

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተውታል። ላዩ አማርኛ ነው፤ ከሥሩ ጽዮን የላከችው የስሞች ዝርዝር በእንግሊዝኛ አለ፤ እሱን አያነቡትም። ዶክተር ኤፍሬም የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ አሳያቸው።

«አባባ» አለች ሜሮን፣ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ዶክተር እኮ እንደ ተማሪዎችህ ዘራፊ ናቸው።»

ቅኔ ቤት «ዘረፈ» የሚባለው ቅኔውን ከራሱ አፍልቆ ያወጣ ነው። መሪጌታ ደስ ብሏቸው ቀና አሉ። «ቅኔ ያውቃሉ?»

«ይዘርፋሉ» አለች ሜሮን። «ያውም ሳይዘጋጁ፣ የሰው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው።»

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። መሪጌታም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቃልን ሆድ ሲከፍቱ የኖሩ ሰው ናቸውና እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ቆመ። ከልጃቸው ፊት ወደ እንግዳው ፊት፣ ከእንግዳው ፊት ወደ ልጃቸው ተመለከቱ።

«ሜሮን፣ ምን እያልሽ ነው?»

ከዚህ ወዲያ መመለሻ አልነበራትም። ንፍሮው ታወሳት፤ ያ አንድ እፍኝ። ግን ጽዮን ያን ሳምንት አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው ወለል ይኸው ይኼ ነው።

«አባባ፣ አንተ የምታውቀው ምስጋና አይደለም» አለች። ድምፅዋ እንዳሰበችው ስለት አልነበረውም። «እነሱ ዘንድ ምስጋና የሚባለው ከጽሑፉ መጨረሻ ናት። ሾፌሩን አመሰግናለሁ፣ ወረቀት ያባዛችልኝን አመሰግናለሁ የሚሉባት ናት። ጽዮን እዚያ ከገባች፣ የዞረችው እሷ፣ የጠየቀችው እሷ፣ የጻፈችው እሷ፣ ሥራው ግን የሳቸው ይባላል። ሞተሽ ማጽደቅ አልቻልሽም ብለው ነው የሚያወጧት። አንተ ካልፈረምክ ግን አትወጣም።»

ከድንኳኑ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ።

«እንዲህ ነው?» አሉ መሪጌታ ወደ ዶክተሩ።

«በመሠረቱ አገላለጹ...»

«ሾፌሩ የሚመሰገንበት ነው?»

«ሾፌሮችም አሉበት፤ ግን...»

መሪጌታ የእስክሪብቶውን ክዳን ፈልገው ገጠሙት። አልተቆጡም። ከቅድም ጀምሮ እንደ መጽሐፍ ተገልጦ የቆየው ፊታቸው ብቻ በዝግታ ተዘጋ፤ ሜሮን እያየች፣ በእሷ እጅ። ውጭ ወጥተው ለሰዉ ሁሉ ተናግረዋል። ነገ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «እንዴት ነው፣ ከምስጋና ገባች?» የሚላቸው ሰው ይኖራል።

«ዶክተር፣ እንዳይመሽብዎ» አሉ።

«መሪጌታ፣ ይኼ ካልሆነ ጽሑፉ ሊዘገይ...»

«መንገዱ ቁልቁለት ነው» አሉ መሪጌታ። «ልጄንም ያስቀራት እሱ ነው። ሳይመሽ ይሂዱ።»

ሀምዲያ ሰዎቹን እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው። የአገር ደንብ ነውና የሚሄደውን እንግዳ መሸኘት ይገባል፤ ፎቶ አንሺውን «ቅድም ስታነሣ እኔን ወፍራም አድርገህ ከሆነ ፎቶዋን ደምስሳት» ስትለው ተሰማች። መኪናው ተነሣ።

ሜሮን የቀረውን ንፍሮ አምጥታ አባቷ ፊት አስቀመጠች። አላዩትም። ልቧ ውስጥ ሰውየውን ያባረረችበት ደስታ ነበረ፤ አፏ ግን መረራት። ይቅርታ ልትላቸው አሰበች፤ ምን ብላ? እውነት ስለነገርኩህ ይቅርታ? ሰፌዱን በመዳፏ አስተካከለች።

መሪጌታ ወረቀቱን አሁንም ከጭናቸው አላወረዱትም።

«ታዲያ አልወጣችም?» አሉ።

«አልወጣችም አባባ። መጀመሪያ እንደነበረች ናት።»

«የቱ ጋ ናት? አሳዪኝ።»

ጎናቸው ተቀመጠች። ስሞቹ አንዱ ካንዱ በታች ተደርድረዋል። የመጀመሪያውን መስመር አሳየቻቸው። መሪጌታ ረጅሙን የባዕድ ቃል በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት፤ ብራና ላይ እንደሚሄዱት፣ ቀስ ብለው።

«ይኼ ሁሉ ጽዮን ነው?»

«አይ። ይኼ 'ወልደ ሰንበት' የሚለው ነው። እነሱ የአባትን ስም ያስቀድማሉ።»

«የእኔ ስም?» አሉ። «እኔ ምን ሠራሁ?»

«አጻጻፋቸው ነው አባባ።»

«እሷስ?»

ሜሮን ከረጅሙ ቃል ወዲያ ያለችውን አንዲት ፊደል ነካች። «ይቺ ናት። የራስን ስም መጀመሪያ ፊደሉን ብቻ ነው የሚጽፉት።»

እንዲህ ያለ የስም ዝርዝር ስንት ጊዜ አይታለች። ጽዮንም አይታለች። ሁለቱም ስለ ተራው ሲያወሩ፣ ማን ከማን ይቀድማል ሲሉ፣ ይኼ አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም። የምትንቀው ሰው ፈለገች፤ ሰውየው ሄዷል። ወረቀቱ ላይ ያለው የአባቷ ስም ብቻ ነው፣ ሰፍቶ፣ ተንሰራፍቶ፣ የማያውቀው ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ።

መሪጌታ ፊደሏን ጎንበስ ብለው አዩዋት። ቀጥ ያለች እንጨት ናት፣ ላይዋ ላይ ጋድም ያረፈባት፤ አናት የሌላት መስቀል።

ከዚያ ግራ መዳፋቸውን አነሡና የራሳቸው ስም ላይ አኖሩት። ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። ከጣታቸው ጫፍ ወዲያ ፊደሏ ብቻዋን ቀረች፤ እጃቸውንም አላነሡም።